ቤቱ ወጣልኝ፤ ደስታው ግን የት ገባ?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 38 ነው። ባንክ ውስጥ እሠራለሁ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በ2005 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቤ በ2015 ዕጣ ወጣልኝ። ስሜን ዝርዝሩ ላይ ያየሁ ቀን ቢሮ ውስጥ እልል ብዬ አለቀስኩ። አሁን ቤቱ ከገባን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። እውነቱን ልናገርና ምንም አይሰማኝም። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስልኬን ይዤ ቲክቶክ ላይ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት እቆያለሁ። ደስ ብሎኝ እንዳይመስልዎት፤ ዝም ብዬ ነው። ባለቤቴ ‹ተመስገን አታውቂም› ይለኛል። እኔም ምስጋና ቢስ ሆኜ ይሆን እላለሁ። ለመሆኑ ደስታ ማለት ምንድን ነው? ሰውስ ከየት ነው የሚያገኘው?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በዕድሜ ስለምበልጥሽ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። ልቤ ውስጥ የቀረው ስለ ቤቱ ያልሽው ሳይሆን ስለ ስልኩ ያልሽው ነው። «ደስ ብሎኝ እንዳይመስልዎት፤ ዝም ብዬ ነው።» የመልሱ ግማሽ እዚህች ውስጥ አለ።

ምስጋና ቢስ ግን አይደለሽም። ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ። ምስጋና ሌላ፣ ደስታ ሌላ ነው። ወጡ ጨው ቢጎድለው ሰው «ተመስገን» ብሎ ይበላል፤ ምስጋናው ግን ጨው አይሆንለትም። ባለቤትሽ በክፋት ያለው አይመስለኝም። ሆኖም ደስታ የራቀውን ሰው ስትወቅሺው በችግሩ ላይ ጥፋተኝነት ትጨምሪበታለሽ። እኔ ዘንድ ለምክር የሚመጡ ብዙ ሰዎች ይበልጥ ያደከማቸው ደስታ ማጣታቸው አይደለም። በማጣታቸው ማፈራቸው ነው።

አሁን ወደ ስልኩ።

በአማርኛ «አማረኝ» እና «ጣመኝ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ነፍሰ ጡር ሴት ሌሊት ተነስታ ብርቱካን አማረኝ ትላለች። ባል ጃኬቱን ደርቦ ሰፈሩን ያስሳል፣ የተዘጋ ሱቅ ያስከፍታል፣ ይዞ ይመጣል። እሷ አንዱን ፍሬ ቀመስ አድርጋ ታስቀምጠዋለች። ውሸቷን አልነበረም። አምሮቱ እውነተኛ ነበር፤ ጣዕሙ ግን አልመጣም። ይህን ልዩነት እናቶቻችን ድሮ ያውቁታል። ሳይንሱ ለመለየት ረጅም ጊዜ ፈጅቶበታል።

እ.ኤ.አ. በ1954 ጄምስ ኦልድስ እና ፒተር ሚልነር የተባሉ ተመራማሪዎች ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ በአይጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገቡ። አይጧ አንድ ማንሻ ስትጫን ትንሽ ኤሌክትሪክ አንጎሏ ውስጥ የተወሰነ ቦታ ይነካል። አይጦቹ ማንሻውን መጫን ማቆም አቃታቸው። በሰዓት በመቶዎች፣ ኋላ በተደረጉ ሙከራዎች ደግሞ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተጫኑት። «የደስታ ማዕከል ተገኘ» ተባለ። ዶፓሚን የተባለው ኬሚካልም ውሎ አድሮ «የደስታ ኬሚካል» የሚል ስም ወጣለት። ዩቲዩብ ላይ እስከ ዛሬ እንደዚያ ሲጠራ ትሰሚያለሽ።

ከ30 ዓመት በኋላ ግን ኬንት ቤሪጅ የተባለ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አየ። አይጥ ስኳር ሲቀምስ ከንፈሩን ይልሳል። አዲስ የተወለደ ሕፃንም ጣፋጭ ነገር ምላሱን ሲነካው ያንኑ ያደርጋል፤ መራራ ሲሆንበት ፊቱን ያጨማድዳል። ቤሪጅና ባልደረቦቹ የአይጦቹን ዶፓሚን ከሞላ ጎደል አጠፉት። አይጦቹ ምግብ ፊታቸው ተቀምጦ መብላት ተዉ። በሰው እጅ ካልተመገቡ የሚሞቱ ሆኑ። ዶፓሚን ደስታ ከሆነ ስኳሩም ሊጥማቸው አይገባም ነበር። አፋቸው ውስጥ ሲጨመርላቸው ግን ልክ እንደ ድሮው ከንፈራቸውን ላሱ። ስኳሩ ጥሟቸዋል። የጠፋባቸው አምሮቱ ነው።

ተቃራኒውም ታየ። ዶፓሚኑ ሲጨመር አይጡ ይበልጥ ይፈልጋል፣ ይበልጥ ይበላል፤ የፊቱ ምልክት ግን ይበልጥ ጥሞታል አይልም። እንግዲህ አንጎላችን ውስጥ አምሮትና ጣዕም በተለያየ መንገድ ነው የሚሠሩት። አምሮቱ ኃይለኛ ነው፣ በቀላሉ ይነሳል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳይደክም ይቆያል። የጣዕሙ ቦታዎች ግን ትንንሽ ናቸው፤ በቀላሉ ይደበዝዛሉ።

አንቺ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ በአውራ ጣትሽ ስክሪኑን ስትገፊ የሚሆነው ይኼው ነው። እያንዳንዱ ቪዲዮ «ምናልባት የሚቀጥለው» ይልሻል። አንዳንዴ ደስ የሚል ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይመጣም። መቼ እንደሚመጣ አለመታወቁ ራሱ አምሮቱን ያባብሰዋል። ጫት ላይ ያለ ሰውም ተመሳሳይ ነገር ይነግረኛል። «ምርቃናው ድሮ ቀረ፣ አሁን የምቅመው እንዳይደብረኝ ነው» ይላል። አምሮቱ አለ፣ ጣዕሙ ግን ሄዷል ማለቱ ነው።

የቤቱም ነገር ከዚህ አይርቅም። ቮልፍራም ሹልትዝ የተባለ ተመራማሪ ስዊዘርላንድ ውስጥ የጦጣዎችን የዶፓሚን ሴሎች ሲከታተል ነበር። ጦጣው ሳያስበው ጭማቂ ሲያገኝ ሴሎቹ ይነቃሉ። ጭማቂ ከመምጣቱ በፊት መብራት እንደሚበራ ከለመደ በኋላ ግን መብራቱ ላይ ይነቁና ጭማቂው ሲመጣ ዝም ይላሉ። የተጠበቀው ነገር መምጣቱ ለእነሱ ዜና አይደለም። ዜናው ምልክቱ ነው።

አንቺም ስምሽን ዝርዝሩ ላይ ያየሽ ቀን ነው እልል ያልሽው። መብራቱ የበራው ያኔ ነው። አሥር ዓመት ከደሞዝሽ እየቆጠብሽ፣ ዕጣ በወጣ ቁጥር እየሰጋሽ የጠበቅሽው ነገር በዚያች ደቂቃ ተፈታ። ቁልፉን ስትቀበይ፣ ሴራሚኩን ስታስነጥፊ፣ መጋረጃውን ስትሰቅይ ቀስ በቀስ ቤት ሆነ። ቤት ደግሞ በየቀኑ እልል አያሰኝም። ይህ ያንቺ ጉድለት አይደለም፣ የሰው አፈጣጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት 22 ሎተሪ የወጣላቸው ሰዎች ካልወጣላቸው ጋር ተነጻጽረው ነበር። ይህን ያህል የበለጠ ደስተኞች ሆነው አልተገኙም። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አልጭንበትም። አንድ ነገሩ ግን ሁልጊዜ ይታወሰኛል። ባለሎተሪዎቹ ከትንንሾቹ ነገሮች፣ ከቁርስ፣ ከጓደኛ ጋር ከማውራት፣ ከጥሩ ቀልድ የሚያገኙት ደስታ ከሌሎቹ አንሶ ነበር። ትልቁ ነገር ሲመጣ ትንንሾቹን አደበዘዘባቸው።

«ደስታ ማለት ምንድን ነው» ላልሽው፣ እኔ ከቋንቋችን የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም። «ደስ አለኝ» እንላለን። «ራበኝ»፣ «ናፈቀኝ»፣ «ጣመኝ» እንደምንለው። ደስታው ወደ እኔ የሚመጣ ነው፤ እኔ ተቀባይ ነኝ። «ተደሰትኩ» የሚል ቃልም አለን፤ ግን ልባችን ሲሞላ አፋችን ላይ የሚመጣው «ደስ አለኝ» ነው። ስለዚህ ደስታን ማዘዝ አይቻልም። እንቅልፍን በግድ ማምጣት እንደማይቻለው። የሚቻለው መኝታውን ማንጠፍና መብራቱን ማጥፋት ነው። «ሰው ከየት ነው የሚያገኘው» ብለሽ የጠየቅሽኝም እኔ የማነጥፈው ምኑን ነው ማለት ይሆናል።

ተድላ ደስታ ሲባል ብዙ ሰው ድግስና ጥጋብ ነው የሚታየው። ሐዋርያው ጳውሎስ አቴና ላይ ከተነጋገራቸው ፈላስፎች መካከል የኤፊቆሮስ ወገኖች ነበሩ፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ታገኚያቸዋለሽ። ኤፊቆሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ341 የተወለደ ሰው ነው። የሕይወት ግቡ ደስታ ነው ብሎ በማስተማሩ ስሙ ከሆዳምነት ጋር ተያይዞ ቀርቷል። እሱ ራሱ ግን ከወዳጆቹ ጋር በአንድ የአትክልት ስፍራ ዳቦና ውኃ እየቀመሰ ነው የኖረው። ለአንድ ወዳጁ ሲጽፍ ትንሽ አይብ ላክልኝ፣ ሲያሰኘኝ ድግስ እንዳደርግበት ብሏል። ለእሱ አይብ ድግስ ነበር፤ በየቀኑ አይበላውማ።

እኛ ደግሞ ይህን ከጾም እናውቀዋለን። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰሽ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ዶሮ ወጥ ስትቀምሺ፣ ያ የቅቤ ሽታ ከአፍንጫ አልፎ ጭንቅላት ውስጥ ይገባል። በማግሥቱ ጥሩ ወጥ ነው። በሦስተኛው ቀን ወጥ ብቻ ነው። ወጡ ያው ነው፤ አንቺ ነሽ የለመድሽው። በረመዳን ማግሪብ ሲባል የምትቀመሰዋ ተምርም እንደዚያው ናት። ጾሙ ለአምላክ እንጂ ለምላስ ተብሎ የሚጾም አይደለም፤ ያንን አላቃልለውም። የሰው ስሜት እንዴት እንደሚሠራ ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ሰዎችን ለአንድ ሳምንት ቸኮሌት አስተዋቸው። ለሌሎቹ ብዙ ቸኮሌት ተሰጥቷቸው የቻሉትን ያህል እንዲበሉ ተነገራቸው። ከሳምንት በኋላ ሁሉም አንድ ቸኮሌት ሲቀምሱ የበለጠ የጣማቸው የተዉት ናቸው። አያቶቻችን ሳያጠኑ ያውቁት ነበር።

ሌላው ልብን ማኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 2,250 ሰዎችን በስልካቸው መተግበሪያ (አፕ) መልእክት እየላኩ «አሁን ምን እየሠራህ ነው፣ ሐሳብህስ የት ነው» ብለው ጠየቁ። ከተጠየቁበት ጊዜ 46.9 በመቶ ሐሳባቸው ከሚሠሩት ነገር ላይ አልነበረም። ያን ጊዜም ደስታቸው ያነሰ ነበር። ቡናውን እየጠጣን ስለ ነገ ስብሰባ፣ ስብሰባው ላይ ተቀምጠን ስለ ልጆች እናስባለን። እኛ ላይ ደግሞ ተጨማሪ አለ። ብዙ ከሳቅን «በደህና ያድርገው፣ ምን ሊመጣ ነው» እንላለን። ከልጅነታችን የተማርነው ነው። ደስታው ገና አፋችን ሳይደርስ ፍርሃት ይጋርደዋል። እባክሽ ልጆችሽ ሲስቁ እሱን አትበያቸው።

አሁን በጣም የምፈልገው ነገር ላይ ደረስኩ። ደብዳቤሽ ውስጥ የሌለ አንድ ነገር አለ። ሥራ አለ፣ ባል አለ፣ ልጆች አሉ፣ ቤት አለ፣ ስልክ አለ። ጎረቤት የለም።

ድሮ የት ሰፈር እንደነበርሽ አላውቅም። የቀበሌ ቤት ይሁን የግለሰብ ግቢ ውስጥ ኪራይ፣ ከነችግሩ ቡና አጣጪ እንደነበረሽ ግን እገምታለሁ። «ቡና አጣጪ» የሚለውን ቃል ልብ በይው። ቡና ጠጪ ብቻ አይደለም። አብሮሽ ሲጠጣ ቡናሽን የሚያጣፍጥልሽ ሰው ነው።

እናቴ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ስትቆላ እኔ ተላላኪ ነበርኩ። ብረት ምጣዱ ላይ ቡናው መንጣጣት ሲጀምር «ሂድ፣ ቡና ደርሷል በላቸው» ትለኛለች። ከአጥሩ ማዶ ያሉት እትዬ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ይመጣሉ። እናቴ ምጣዱን ከእሳቱ አንስታ፣ ጭሱ እየተትጎለጎለ፣ አንድ በአንድ እያዞረች ታቀርብላቸዋለች። እትዬ በእጃቸው ጭሱን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ዓይናቸውን ይከድናሉ። «እሰይ!» ይላሉ። ያቺ «እሰይ» እስክትመጣ እናቴ ምጣዱን አትመልሰውም። አንድ ቀን እትዬ ታመው ቀሩ። እናቴ ቡናውን እንደልማዷ ቆላችው፣ አፈላችው። አቦሉን ቀመስ አደረገችና ሲኒውን አስቀመጠችው። «ዛሬ ቡናው አልሆነም» አለች። ቡናው ያው የትናንቱ ቡና ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎችን ቸኮሌት አስቀመሱ። አንዳንዴ አጠገባቸው ያለው ሰው ያንኑ ይቀምሳል፤ አንዳንዴ ሌላ ነገር ይሠራል። አይነጋገሩም። ሌላው ሰው አብሮ ሲቀምስ ጣፋጩ ይበልጥ ይጥማቸው ነበር። መራራ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይመራቸዋል። እናቴ ሳይንቲስት አልነበረችም፤ ያቺ ምጣድ ለምን እንደምትዞር ግን ታውቃለች። ጉርሻም እንደዚያው ነው። ሰው በራሱ እጅ መብላት አቅቶት አይደለም የሚጎርሰው።

ኮንዶሚኒየም ሲወጣልሽ ቤት አገኘሽ፤ በዚያው ቀን ሰፈር አጣሽ። ለመጀመሪያው እልል ተባለ። ለሁለተኛው ማንም አላለቀሰም። እኔ የሚመስለኝ ቤቱ ደስታ አልሰጥ ብሎሽ ሳይሆን ያልታወቀ ሐዘን ላይ ነሽ።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ከባድ ነገር ልጠይቅሽ ግድ ነው። «ምንም አይሰማኝም» ያልሽው ድብርት የሚባለው ሕመም ምልክትም ሊሆን ይችላል። ለሁለት ሳምንት ያህል በአብዛኛው ቀን ነገር ሁሉ ጣዕም ካጣብሽ፣ ከዚያ ጋር እንቅልፍ ወይም ምግብ ከተዛባ፣ ሰውነትሽ ከዛለ፣ «እኔ ምን ዋጋ አለኝ» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ምክሬን ትተሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። የመሞት ሐሳብ ካለማ ዛሬውኑ። ለባለቤትሽም ንገሪው። ደም ማነስና የታይሮይድ ዕጢ ችግርም እንዲህ ያደርጋሉ፤ በደም ምርመራ ይታወቃሉ። አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ ለ«እብድ» ብቻ ነው የሚለውን ወሬ አትስሚ። ድብርት የሚታከም ሕመም ነው። ጸበል የምትጠመቂ ከሆነም ሕክምናውን አብረሽ መከታተል ትችያለሽ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሕመም ካልሆነ ደግሞ እንዲህ አድርጊ እልሻለሁ። መጀመሪያ ስልኩን። ሌሊት 7 ሰዓት ተኝተሽ 12 ሰዓት ከተነሳሽ አምስት ሰዓት ብቻ ነው የተኛሽው። እንቅልፍ ላጣ አንጎል ማር ቢያቀርቡለት አይለየውም። ማታ 4 ሰዓት ላይ ስልኩን ሳሎን ቻርጀር ላይ ሰክተሽ መኝታ ቤት ግቢ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጨንቅሻል፤ እጅሽ ይፈልገዋል። አምሮት መሆኑን አሁን ታውቂያለሽ። ይመጣል፣ ይሄዳል።

ሁለተኛው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደስ ሲለኝ አደርገዋለሁ ብሎ በመጠበቅ ነው። ፒተር ሉዊንሶን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1970ዎቹ ያስተማረን ትልቅ ነገር ይህን ቅደም ተከተል መገልበጥን ነው። መጀመሪያ ቀኑን ቆርጠሽ ታደርጊዋለሽ፣ ስሜቱ ከኋላ ይከተላል። ሲያሰኝሽ ብለሽ ከጠበቅሽ፣ አሁን ባለሽበት ሁኔታ ላያሰኝሽ ይችላል። ስለዚህ ቀን ቁረጪለት። እሑድ ከሰዓት ይሁን።

ቡናውን ራስሽ ቁይው። ማሽን አትጠቀሚ፣ የተፈጨ አትግዢ። ስትቆዪ የደረጃውን በር ክፈቺው፤ ሽታው ፎቁን ሁሉ ያዳርሰዋል። ከዚያ ልጅሽን ላኪው። ፊት ለፊት ያለውን በር ያንኳኳና «እማዬ ቡና ደርሷል ብላለች» ይበል። መጀመሪያ ሰዎቹ ያፍራሉ፣ «ሌላ ጊዜ» ሊሉ ይችላሉ። በሚቀጥለው እሑድም ይሂድ። እነሱም እንዳንቺው ከሌላ ሰፈር ዕጣ ይዟቸው የመጡ ናቸው። ምናልባት እነሱም ማታ ማታ ስልካቸው ላይ ናቸው።

ስትጠጪ አቦሉን ብቻ ጠጥተሽ አትነሺ። ቶናውም ይምጣ፣ በረካውም። ወሬው የሚሞቀው ሁለተኛው ላይ ነው። ደስ አለኝ ወይ ብለሽ ደግሞ በየደቂቃው ራስሽን አትጠይቂ፤ እንቅልፍ ወሰደኝ ወይ እያሉ መተኛት አይቻልም። ምጣዱን አዙሪላቸውና «እሰይ» እስኪሉ ጠብቂ። ከወር በኋላ ስንት ሲኒ እንዳቀረብሽ ጻፊልኝ።